ዋርዱስ የት ነው?

በጎጃም ገጠር ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ «ሐኪም» ነው። ዶክተሩ ሐኪም፣ ነርሱ ሐኪም፣ ካርድ የሚያወጣው ልጅም ጋወን ካገኘ ሐኪም ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ «ሲስተር» ትሆናለች። ቃሉ የፈረንጅ ሆስፒታል ቃል ነው፤ በእንግሊዞቹ ዘንድ ሲስተር የምትባለው ዋርድ የምትመራዋ ነርስ ነበረች። እኛ በስም ቸሮች ነንና ትናንት የተመረቀችውንም ዛሬ ጠዋት ሲስተር እንላታለን። መከበሩ መልካም ነው። ችግሩ ስሙ አንድ ሆኖ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ትምህርት አንድ አለመሆኑ ላይ ነው። አንዷ ሲስተር ሦስት ዓመት በሽተኛ ስታገላብጥ ኖራ የወጣች ናት። ሌላዋ የደም ሥር ፈልጋ ያገኘችው በፕላስቲክ ክንድ ላይ ብቻ ነው። በሽተኛው ይህን የሚያውቀው መርፌው ሲገባ ነው።

ይህን ማንሣቴ ያለ ነገር አይደለም። ክረምት ሲገባ ከወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ስልክ ይበዛብኛል። የዘመድ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ውጤት መጥቷል፤ ወይም ሊመጣ ነው። ከደዋዮቹ አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። በቆሎና በርበሬ የሚያመርት ጎበዝ ገበሬ ነው፤ በስልክም ቢሆን ነገር አያንዛዛም።

«ጋሼ፣ ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አላመጣችም። ነርስ ልትማር ነው። ፍኖተ ሰላም ይሻላል፣ ማርቆስ ይሻላል ወይስ ባሕር ዳር?»

«ማን ነው ነርስ ያላት?»

«ማስታወቂያ አይተናላ! በዲፕሎማ ነው ይላል። ወዲያው ሥራ አለው ይላል።»

«ማስታወቂያው ነው ሥራ አለው የሚለው?»

«እንግዲህ እሱ ካላለ ማን ይበል?»

እውነቱን ነው። ሌላ የሚል የለም። ልጅቱን አልፈርድባትም፤ አባቷንም አልፈርድበትም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። በሬሜዲያል የሚገባው ተጨምሮም እንኳ፣ ከመቶው ልጅ አብዛኛው ሌላ በር መፈለጉ ግድ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ያ ሌላ በር ሲታሰብ፣ በተለይ ለሴት ልጅ፣ ቀድሞ ወደ አባት አእምሮ የሚመጣው የነርስ ጋወን ነው። ስለዚህ ጥያቄው የአንድ ገበሬ ጥያቄ አይደለም። ሦስት ዓመት አለበት፣ የሚሸጥ በሬ አለበት፣ አረብ አገር ያለች እኅት የምትልከው ገንዘብ አለበት።

ብቻ የአክስቴ ልጅ የጠየቀኝ የከተማ ስም ነው። እኔ ደግሞ ይህን ጥያቄ ሰምቼ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ የነርስ ትምህርት እዚህ አገር እንዴት እንደተጀመረ ያየ ሰው ከከተማው ስም በፊት ሌላ የሚጠይቀው ነገር ያገኛል።

ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኛ ሊያክሙ አዲስ አበባ ገቡ። የምኒልክ ሆስፒታል ሥር የተተከለው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ዘመን የሆስፒታሉ ዋና ሠራተኛ «ድሬሰር» ነበር፤ ቁስል የሚያጥብ፣ ፋሻ የሚጠቀልል፣ ኋላም መርፌ የሚወጋ። ድሬሰር ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም የሚማረው። ከሐኪሙ ጎን ቆሞ እያየ፣ እየተቆጡት፣ እየደገመ ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ያወቅነው «ሐኪም» ይኼው ነው። ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ ድሬሰር የገበያ ቀን ጠብቆ፣ መርፌውን በሳጥን ይዞ፣ ፔኒሲሊን ሲወጋ ያላየ የጎጃም ሰው በእኔ ዕድሜ ይኖራል ብዬ አላምንም። አድኗል፤ ገድሏልም።

ነርስነት እንደ ሙያ ክብር ያገኘው በአንዲት ልዕልት ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ አባቷ በ1928 ዓ.ም. ሲሰደዱ አብራ እንግሊዝ አገር ወረደች። እዚያ የንጉሥ ልጅ ነኝ ብላ አልተቀመጠችም። ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ በ1931 ዓ.ም. ብቁ ሆና ተመዘገበች። ከዚያም ጋይስ በሚባለው ሆስፒታል ገባች። ልብ በሉልኝ፤ የገባችው ኮሌጅ አይደለም፣ ሆስፒታል ነው። የዚያ ዘመን የነርስ ትምህርት ቤት ማለት ሆስፒታሉ ራሱ ነበር። ተማሪዋ ሌሊት ተረኛ ትሆናለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ በማትሮን ትቆጣጠራለች፣ በመሐል ትማራለች።

አገር ነጻ ወጥቶ ተመለሰች፤ አግብታም ወደ ወለጋ ሄደች። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም፣ በ22 ዓመቷ ዐረፈች። ነቀምት ለቡሬ ሰው ሩቅ አይደለችም፤ ዓባይን ተሻግሮ ነው። በለንደን ሆስፒታል ነርስነት የተማረች ሴት፣ ዛሬም የጎጃምና የወለጋን የገጠር እናቶች በሚገድለው ነገር ሞተች። መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራላት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ ስታሰባስብ ዓመታት ቆየች። ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1940ዎቹ መጀመሪያ ተከፈተ፤ ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ነው። የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው።

በእነዚያው ዓመታት ዛሬ የካቲት 12 በምንለው በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል ውስጥ የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ የተከፈተው እኮ ገና በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። አገሪቱ ዶክተር ማስተማር ከመጀመሯ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቀድማ ነርስ ታስተምር ነበር ማለት ነው። ይህን ለዶክተር ወዳጆቼ ስነግራቸው ደስ አይላቸውም።

እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነበሩ። ከመማሪያ ክፍሉ እስከ በሽተኛው አልጋ ያለው ርቀት የመቶ እርምጃ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር የሆነው በእኛው አቅጣጫ፣ ከጣና ማዶ ነው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅትም፣ ዩኒሴፍም፣ አሜሪካኖችም ረድተዋል። ሐሳቡ ለጊዜው እንግዳ ነበር። አገሪቱ በሺህ የሚቆጠር ዶክተር እስክታፈራ ገበሬው አይጠብቅም፤ ስለዚህ የጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ላይ አሠልጥኖ፣ በቡድን አድርጎ፣ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መላክ። ተማሪዎቹ ጎንደር ከተማ ተቀምጠው ብቻ አልተማሩም። ደምቢያ ውስጥ ኮላድባ ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር፤ ወባ ባለበት፣ ውኃው በሚጠጣበት፣ እናት በምትወልድበት ቦታ። ብዙም ሳይቆይ በ1951 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ መጣ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። የዚያ ኮሌጅ ልጆች ለምን እንዳስፈለጉ ከዚያ በኋላ የጠየቀ አልነበረም።

ጎንደር የነርሷን ዋርድ ከሆስፒታል አውጥቶ ወደ መንደር ወሰደው እንጂ ዋርዱን አላስቀረውም። ትልቁ ልዩነት ይኼ ነው። የኮላድባ ተማሪ በሽተኛ አላጣም።

ደርግን በአጭሩ ልለፈው፤ ጤና ረዳቶች በብዛት ሠለጠኑ፣ ወደ የወረዳውም ተበተኑ። ብዙዎቹ ጥሩ ሠራተኞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የጤና ረዳትነቱ ቀርቶ በአንድ ዓመት ሥልጠና የሚወጣ «ጁኒየር ነርስ» የሚባል መጣ፤ ቀጥሎ አሥር ሲደመር ሦስት የሚባለው፤ ቀጥሎ «ደረጃ 4»። ስሙ በተቀየረ ቁጥር የቤተሰብ ቃል ግን አልተቀየረም፤ ሁሉም «ዲፕሎማ ነርስ» ነው የሚለው። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ለየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ በጠቅላላው ከ30 ሺህ በላይ። የጤና ጣቢያውና የሆስፒታሉም ቁጥር አብሮ ጨመረ። ሰው ያስፈልጋል፤ በብዛት፣ በቶሎ።

የመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጆች፣ በእኛ ክልል የባሕር ዳሩ፣ የደብረ ማርቆሱ፣ የደሴው፣ የደብረ ብርሃኑ፣ የደብረ ታቦሩ፣ የጎንደር ጠዳው፣ ፈላጊውን ሁሉ መያዝ አልቻሉም። ያን ጊዜ የግሉ ኮሌጅ ገባበት። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ፎቅ የተከራየ ሁሉ፣ ከታች ቡቲክ ከላይ ካፌ በመካከል ደግሞ «የጤና ኮሌጅ» እስኪሆን ድረስ። ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አልወቅጥም። በራሳቸው ገንዘብ ቤተ ሙከራ የሠሩ፣ መምህር መርጠው የቀጠሩ፣ መንግሥት ሊያስተምረው ያልቻለውን ልጅ ያስተማሩ የግል ኮሌጆች አሉ። ብቻ የነርስ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋርዱ የተለየው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በፊት ሆስፒታል ትምህርት ቤት ይከፍት ነበር። አሁን ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ሆስፒታል መለመን ጀመረ።

ልመናው ምን እንደሚመስል ለማየት ጠዋት አንድ የዞን ሆስፒታል መሄድ ይበቃል። ከአራትና አምስት ኮሌጅ የመጡ ተማሪዎች፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ሲጨመሩ፣ በአንድ ማዋለጃ ክፍል ይታጨቃሉ። አንዲት ምጥ የያዛትን ሴት አሥራ አምስት ልጆች ይከቧታል። አዋላጇ አንዷ ናት፤ ሠርታ ታሳይ ወይስ ታስተምር? ከአሥራ አምስቱ ሁለቱ ይነካሉ፣ አምስቱ ያያሉ፣ ቀሪዎቹ ከኋላ ሆነው ደብተር ላይ «አይቻለሁ» ብለው ያስፈርማሉ። የአንዲት የማውቃት ልጅ ደብተር ላይ አርባ ያህል መርፌ ተፈርሞላት አይቻለሁ። በእጇ የወጋችው ስድስት ነው። የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እያለቀሰች። ኮሌጁን አልጠራውም፤ የሱ ብቻ በሽታ ቢሆን በጠራሁት ነበር።

መንግሥት ይህን አይቶ መሐል ላይ ወንፊት አስቀመጠ። ደረጃ 4 የጨረሰ የብቃት ምዘና፣ ሁላችንም «ሲኦሲ» የምንለውን፣ በጽሑፍም በተግባርም ተፈትኖ ማለፍ አለበት፤ ያለዚያ አይቀጠርም። ወንፊቱ ሲመጣ ደግሞ የወንፊት ነጋዴ አብሮ መጣና የሐሰት ሲኦሲ መሸጥ ተጀመረ፤ ያን ይዘው የተቀጠሩ በማስረጃ ማጣራት ከሥራ ሲወጡ አይተናል። በዲግሪ ለሚመረቁትም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሙያ ፈቃድ ፈተና፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ። የአክስቴ ልጅ ያየው ማስታወቂያ ይህን አይልም። ኮሌጁ የሚሸጠው መግቢያውን ነው፤ ፈተናዎቹ ያሉት መውጫው ላይ ነው።

አሜሪካኖች የዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ ከዚሁ መንታ መንገድ ላይ ቆመው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነርስ አጡ፤ የሆስፒታል ትምህርት ቤቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ ተማሪዋንም እንደ ነጻ ጉልበት ያሠራል። ሚልድረድ ሞንታግ የምትባል የነርስ መምህርት ነርስነትን በሁለት ዓመት በማኅበረሰብ ኮሌጅ እናስተምር የሚል ሐሳብ አመጣች። እ.ኤ.አ. በ1952 በሰባት ኮሌጆች ሙከራው ተጀመረ። እዚያም ትምህርት ቤቱ ከሆስፒታሉ ተለየ፤ እንደ እኛው። ነገር ግን አንድ ነገር አልለቀቁም። የሁለት ዓመቷም የአራት ዓመቷም ተመራቂ የምትፈተነው አንድ የፈቃድ ፈተና ነው፤ ዛሬ ኤንክሌክስ የሚባለው። የየክፍለ ግዛቱ የነርሶች ቦርድ ከየኮሌጁ ስንት በመቶው በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፈ በይፋ ያወጣል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን፣ ቀን አረጋዊ እየተንከባከቡ ማታ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ሰሜን ቨርጂንያ የሚማሩት፣ ከመመዝገባቸው በፊት መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ቁጥር ነው። ከኢትዮጵያ ዲፕሎማ ይዘው ሄደው እዚያ «ሀ» ብለው የጀመሩ ነርሶችን ብትጠይቁ በዝርዝር ይነግሯችኋል።

እንግዲህ ለአክስቴ ልጅ የነገርኩትን ልንገራችሁ። ከከተማው ስም በፊት ዋርዱ የት እንደሆነ ጠይቅ አልኩት። ኮሌጁ ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ነው የተፈራረመው? ፊርማው ይታያል ወይስ «አለ» ነው? በአንድ ዙር ስንት ተማሪ ነው ዋርድ የሚገባው? ከተማሪዎቹ ጋር የኮሌጁ መምህር አብሮ ይገባል ወይስ ልጆቹን በር ላይ ጥሎ ይመለሳል? ይህን የሚመልሰው ሬጅስትራሩ አይደለም። ሆስፒታሉ ሄዶ አንዲት የዋርድ ነርስ ሻይ ጋብዞ «ከየትኛው ኮሌጅ የሚመጡት ልጆች ናቸው እጃቸው የሚሠራ?» ማለት ነው። ነርሶቹ ያውቃሉ፤ በስም ነው የሚነግሩህ።

ዕውቅናውን ጠይቅ አልኩት። «ዕውቅና አላቸው፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል» አለኝ። የተሰቀለው የምንድነው? ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሙያ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለተወሰነ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ላይ ለነርሲንግ የተሰጠ ወረቀት ቡሬ ላይ ለተከፈተ ቅርንጫፍ አይሠራም። ለፋርማሲ የተሰጠ ለነርሲንግ አይሆንም። ቀኑ ያለፈበት ደግሞ ለጌጥ ነው። ስልክ አንሥቶ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ከአንድ ኩንታል በቆሎ ዋጋ ያንሳል።

ባለፈው ዓመት ስንት አስፈትናችሁ ስንት ሲኦሲ አለፈላችሁ በል አልኩት። ቁጥር ከነገሩህ ጥሩ፤ «ሁሉም ያልፋሉ» ካሉህ ጫማህን አጥብቀህ እሰር። ቀጥሎ፣ ልጅቱ ነገ ዲግሪ ልማር ብትል ይህ ወረቀት የት ድረስ ያስኬዳታል? መንግሥት መመሪያ ይቀያይራል፤ የዛሬው የደረጃ 4 በር ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ይሁን አይሁን ከጤና ቢሮ መጠየቅ እንጂ ከማስታወቂያ አይነበብም።

ዝም ብሎ ሰማኝና «ጋሼ፣ አንተ ያልከውን ሁሉ ካሟላ ታዲያ ከተማው ልዩነት የለውም?» አለኝ።

አለው፤ የዘንድሮውን ያህልም ኖሮት አያውቅም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሞተው በርካቶች ሲቆስሉ፣ ሬሳውንም ቁስለኛውንም የተቀበለው የከተማው ሆስፒታል ነበር። እዚያ ቀን ዋርድ ውስጥ የነበረ ተማሪ በሦስት ዓመት የማይማረውን በአንድ ቀን አይቷል፤ ባያይ በተሻለው ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ትምህርት ይቋረጣል። ሥራውም ቢሆን ማስታወቂያው እንደሚለው የለሰለሰ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ቀልደው አልነበረም፤ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረ ነርስ ጠዋት የቤት ኪራይ አይከፍልም ነበርና ነው። ልጅቱ ይህንንም ሰምታ ትወስን ብያለሁ፤ የምትማረው እሷ እንጂ እኔም አባቷም አይደለንም።

ከተማውን በተመለከተ ግን መንገድ ሲዘጋ ልጅቷ የት ታድራለች የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ማርቆስም፣ ባሕር ዳርም፣ ፍኖተ ሰላምም ሆስፒታል አላቸው። ኪራይ አለ፣ የልምምድ ወራት አለ፣ ማታ ከዋርድ ወጥቶ በጨለማ መሄድ አለ። ሁለት ኮሌጆች በቀረው ሁሉ እኩል ከሆኑ፣ እኔ የምመርጠው ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ የአክስት ቤት ያለበትን ነው።